አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ኤስኤስዲ ገጠምኩ፣ ከ1 ዓመት ከ7 ወር በኋላ የምለው

እህቴ ላፕቶፑን ከፍታ ትሄድ ነበር። ፊቷን ትታጠባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፣ ስትመለስ ያቺ ክብ ነገር አሁንም እየዞረች ነው። አንድ ቀን በስልኬ ሰዓት ይዤ ለካሁት፣ ፓወሩን ከተጫንኩ ፓስወርድ እስኪጠይቀኝ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ክሮም ተከፍቶ የሆነ ነገር መፃፍ እስክችል ሌላ 5 ደቂቃ። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱት (እሱም እስኪከፈት ይቆያል) ፕሮሰሰሩ 10 ፐርሰንት፣ ራሙ ግማሽ፣ ዲስኩ ግን 100 ፐርሰንት ቀይ ሆኖ ቁጭ። ዲስኩ በሰከንድ ስንት እያነበበ ነው ብላችሁ ስታዩ ደሞ 1 ሜጋባይት ምናምን። 1 ሜጋ እያነበበ 100 ፐርሰንት ደክሞኛል የሚል ዲስክ!

ላፕቶፑ በፈረንጆቹ 2013 የተገዛ ነው። ኮር አይ 5፣ ሦስተኛ ትውልድ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ 5400 አርፒኤም። ያየው ሰው ሁሉ "አርጅቷል ጣለው" ነበር የሚለኝ። ኤስኤስዲውን (በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባ፣ በቺፕ የሚሰራ ማስቀመጫ ነው) ከመግዛቴ በፊት ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፣ ያው ታውቁታላችሁ ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፣ ለሳምንት ደህና ይሆንና ተመልሶ እዛው። ከዛ አንዱ ጥገና የሚሰራ ልጅ "ራም ነው የሚያንሰው" ብሎኝ ከ4 ወደ 8 ጊጋ አሳደግኩ። ራሙ ጠቅሟል፣ ብዙ ታብ ስከፍት ታይቶኛል፣ ግን ኮምፒውተሩን ለማስነሳት የሚወስደው ጊዜ ከ4 ደቂቃ ወደ 3 ደቂቃ ከ40 ወረደ ነው የምላችሁ። ልጁ ዲስኩን አንዴ እንኳን ከፍቶ አላየውም። አሁን ሳስበው ያኔ የራሙን ብር ኤስኤስዲ ላይ ባደርገው ኖሮ እላለሁ።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን ካልገባኝ ብር ማውጣት ስለማልወድ ትንሽ አነበብኩ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ሳህኑ ላይ ደሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ እጅ ያለ ነገር ወዲያ ወዲህ እያለ ያነባል። 5400 አርፒኤም ማለት በደቂቃ 5400 ዙር ነው፣ ስለዚህ አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ በአማካይ የፈለግከው ቦታ እጁ ስር እስኪደርስ ግማሽ ዙር ትጠብቃለህ፣ ከዛ በፊት ደሞ እጁ ራሱ ትክክለኛው መስመር ላይ እስኪደርስ ሌላ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ሲደመር ለአንድ ፍለጋ 17 ሚሊ ሰከንድ በለው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ይሄ ማለት በሰከንድ 60 ገደማ ቦታ ብቻ ነው መድረስ የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቦታ የተበተኑ። እዛ ላይ አንቲቫይረሱ ስካን ላድርግ ይላል፣ አፕዴቱ ዳውንሎድ ላድርግ ይላል፣ ሰርቹ ኢንዴክስ ልስራ ይላል፣ ያ ምስኪን እጅ የማንን ይስማ? ኤስኤስዲ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ቺፕ ነው፣ የትኛውም ቦታ ለመድረስ 0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ እንደውም ከዛም ያንሳል።

ይሄን ከተረዳችሁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተፃፈው ቁጥር አያታልላችሁም። 870 ኢቮ ላይ የሚፃፈው ማንበቢያ በሰከንድ እስከ 560 ሜጋባይት፣ መፃፊያ እስከ 530 ነው። ልክ ነው፣ እኔም ስለካው ማንበቢያው 540 አካባቢ ሰጥቶኛል። ግን አሮጌው ሃርድ ዲስክም በዚሁ አይነት መለኪያ ማለትም አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ 98 ነበር። ስለዚህ በካርቶኑ ቁጥር ከሄድን አምስት እጥፍ ተኩል ነው የፈጠነው። ጥቃቅን ፋይል ሲያነብ ያለውን የ4ኬ ራንደም የሚባለውን ስታዩት ግን አሮጌው 0.5 ሜጋባይት፣ አዲሱ 35። 70 እጥፍ! በየቀኑ ላፕቶፑ ላይ የምትቀምሱት ለውጥ ይሄኛው ነው እንጂ 560ው አይደለም። ለዚህ ነው "የኔ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ ሳታ 2 ነው፣ ሙሉ ፍጥነቱን አይሰጠኝም" ብላችሁ መተው የሌለባችሁ (ሳታ ማለት ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው)። እውነት ነው ሳታ 2 ከ280 ሜጋ ገደማ በላይ አያሳልፍም፣ ሳታ 3 ነው 550ውን የሚያሳልፈው፣ ግን ያ 35 ሜጋ የትኛውም ውስጥ በሰፊው ይገባል። የኔ ሦስተኛ ትውልድ ሳታ 3 አለው፣ የጓደኛዬ ኮር ቱ ዱኦ ግን ሳታ 2 ነው፣ እሱም ላይ ገጥመንለት ከኔ ጋር ያለውን የፍጥነት ልዩነት በአይን ለመለየት ይቸግራል።

ምን አይነት ልግዛ ለምትሉ። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ አብዛኛው 2.5 ኢንች ሳታ ነው የሚቀበለው፣ ማለትም ኤስኤስዲው ልክ እንደ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አራት ማዕዘን ሆኖ ግን ስስ ነው። ያቺ ማስቲካ የምትመስለው ቀጭኗ ኤም ዶት 2 ለአዳዲሶቹ ነው፣ እሷም ራሷ ሁለት አይነት አላት፣ በሳታ የምትሰራና ኤንቪኤምኢ የምትባል፣ ቀዳዳው ስለተመሳሰለ ብቻ ትሰራለች ማለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑን ክፈቱና እዩ ወይም የሞዴሉን ማንዋል ፈልጉ፣ ከዛ ግዙ። ውፍረቱንም እዩ፣ ኤስኤስዲዎቹ 7 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የድሮ ሃርድ ዲስኮች ብዙዎቹ 9.5። ቀጭን ወደ ሰፊ ይገባል፣ በጎን በብሎን የሚታሰር ከሆነ ምንም ችግር የለውም፣ የኔ እንደዛ ነው። እንዲሁ ተሰክቶ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ከላይ የምትለጠፍ የፕላስቲክ ፍሬም አለች እሷን ፈልጉ።

እኔ 870 ኢቮን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ውስጡ የራሱ ድራም አለው፣ ይሄ ምንድነው ኤስኤስዲው የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚያስታውስበት ማውጫ በፍጥነት የሚገኝበት ቦታ ነው፣ ርካሾቹ ላይ ይሄ የለም፣ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ስትፅፉባቸው ይንቀራፈፋሉ። ሁለተኛ ሴሎቹ (ዳታው የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) ቲኤልሲ ናቸው፣ አንድ ሴል ላይ 3 ቢት። ኪውኤልሲ የሚባለው 4 ቢት ይጭናል፣ ርካሽ ነው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ትልቅ ፋይል ስታስገቡበትም መሀል ላይ ፍጥነቱ ይወድቃል። ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪፃፍበት ነው ለ500 ጊጋው፣ የቀደመው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ድራም የሌለው ስሙ የታወቀ ኤስኤስዲም ቢሆን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ኪንግስተን ኤ400 ወይም ክሩሻል ቢኤክስ500 ቢሆንላችሁ ብራችሁ ለዛ ብቻ ከደረሰ እንዳያሳስባችሁ፣ ለቢሮ ስራና ለኢንተርኔት ይበቃሉ። የማትነኩት ስም የሌለውን 2 ቴራ በትንሽ ብር የሚሉትን ነው። አንዱ ዘመዴ ገዝቶ ውስጡን ስንከፍተው ሜሞሪ ካርድ ነው የተለጠፈበት! ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ 60 ጊጋ ገደማ ካለፈ በኋላ የምታስገቡበት ፋይል በሙሉ ባዶ ይሆናል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩን እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ከማይታወቅ ሰው ከገዛችሁ መጀመሪያ እሱን ልቀቁበት።

ወደ ገጠማው። እዚህ ላይ ነው ትንሽ የተቃጠልኩት። እቅዴ ቀላል ነበር፣ ኤስኤስዲውን ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ሰክቼ (አብሮት አይመጣም፣ ለብቻ ነው የሚገዛው፣ ቀድማችሁ ያዙት) አሮጌውን እንዳለ ክሎን አድርጌ (ሙሉውን ወደ አዲሱ ገልብጬ) መቀየር። ለሊቱን ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 43 ፐርሰንት ላይ ኤረር ብሎ ቆሟል። ደገምኩት፣ እዛው 43። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም አሮጌውን ስመረምረው ቢጫ ሆኗል፣ ማንበብ ያቃተው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) በመቶዎች። ለካ ዲስኩ ቀስ ያለው ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እየሞተም ስለነበር ነው! አንዱን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ነው ደቂቃዎቹን የሚበላው። ይሄን ፕሮግራም ከሁሉ በፊት ብከፍተው ኖሮ ሁለቱንም ፎርማት፣ ራሙንም፣ ሁለት ሌሊትም ባዳንኩ። እናንተ ዛሬ ላፕቶፓችሁ ከተንቀራፈፈ ኤስኤስዲ ባትገዙም እሱን ክፈቱት፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ቢጫ ወይ ቀይ ካለ ፎርማት ማለቱን ትታችሁ ፎቶና ዶክመንቶቻችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ምክንያቱም ፎርማትም ክሎንም እየሞተ ያለን ዲስክ ስራ ማብዛት ነው።

ስለዚህ ክሎኑን ተውኩና የሚያስፈልገኝን በእጅ መርጬ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ከሦስት የልደት ቪዲዮ በስተቀር ሁሉም ወጣ፣ ከዛ በዩኤስቢ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩ። እንደውም ጥሩ ሆነ፣ የአስር ዓመት ኮተት ይዞ አዲስ ቤት መግባት ምን ይሰራል።

መፍታቱ ራሱ ከምትፈሩት ይቀላል። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ስሊፕ አይደለም አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ባትሪው ከውስጥ ከሆነ የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ላይ ነቅላችሁ ነው ሌላውን የምትነኩት። የኔ ከስር ትንሽ ክዳን ነበረው፣ ሁለት ብሎን በቃ። ሙሉ ጀርባው የሚነሳ አይነት ከሆነ ግን ብሎኖቹ እኩል አይደሉም፣ ረጅምና አጭር አላቸው፣ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ከከተታችሁት ከላይ ኪቦርዱ ጋር ሊያብጥ ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርፅ ስላችሁ ብሎኑን በየቦታው አስቀምጡት። ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይበቃል፣ ጥርሱ የማይበላ ደህና ካቻቢቴ ግን። ክዳኑ ካልነሳ አትታገሉት፣ አንድ ብሎን ስቲከር ወይ የጎማ እግር ስር ተደብቆ ይሆናል። ሃርድ ዲስኩ የታሰረበትን ብረት ፍሬም እንዳትጥሉት፣ አዲሱ የሚገባው በሱ ነው። የኔ ገጠማ ከብሎን እስከ ብሎን 15 ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ከዛ ውስጥ 5ቱ መሬት የወደቀ ብሎን ፍለጋ።

ሁለት ነገር ብቻ ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ገብታችሁ የሳታው ሞድ ኤኤችሲአይ መሆኑን እዩ፣ የድሮዎቹ አይዲኢ የሚባለው የቆየ አሰራር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በዛው ከጫናችሁ ኤስኤስዲው ብዙ ጥያቄ በአንዴ ማስተናገድ አይችልም፣ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ደግሞ እንዲሁ ብትቀይሩት ሰማያዊ ስክሪን ይዞላችሁ ሊመጣ ይችላል። ሌላው አሮጌው ዲስክ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለው የሪከቨሪ ቁልፉን ቀድማችሁ ፃፉት፣ ዲስኩን ከነቀላችሁ በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ልታዩት ስትሉ ያን 48 ዲጂት ቁጥር ይጠይቃችኋል።

እና ተነሳ። 19 ሰከንድ። መጀመሪያ ቀን የሆነ ነገር ሳይጭን የዘለለ ነው የመሰለኝ፣ አጠፋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፣ 19። ፓስወርድ አስገብቼ ክሮሙን ስጫነው ወዲያው ተከፈተ፣ እጄ ግን ለምዶበት ለመጠበቅ ተነስቶ ነበር። እህቴን ጠርቼ ምንም ሳልነግራት ክፈቺው አልኳት፣ እንደ ልማዷ ተጭናው ልትሄድ ስትል ቁሚ አልኳት፣ ቆማ አየችው፣ "አዲስ ገዛህ እንዴ?" አለችኝ። ድሮ ሲሰራ የነበረው ክርክርክር የሚለው ድምፅም ጠፋ፣ ጠረጴዛው ላይ እጄን ሳሳርፍ የሚሰማኝ ንዝረትም የለም። ባትሪውም 20 ደቂቃ ገደማ ጨምሮልኛል፣ ብዙ አትጠብቁ፣ ሃርድ ዲስክ ራሱ ያን ያህል ኃይል አይበላም፣ ባትሪውን የሚጨርሰው ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ ነው።

ያልተለወጠውን ደሞ ልናገር፣ ምክንያቱም "አዲስ ላፕቶፕ ይሆናል" የሚለው ነገር በዝቷል። አይሆንም። ቪዲዮ ኤዲት አድርጌ ኤክስፖርት ስለው የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው፣ እሱ የፕሮሰሰር ስራ ነው። ጌም ቶሎ ይከፈታል እንጂ ሲጫወቱት ይበልጥ አይፈስም። 4 ጊጋ ራም ብቻ ካላችሁ ሲሞላ ወደ ኤስኤስዲው ስለሚገለብጥ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ግን ራምን አይተካም። ሙቀቱ፣ ደብዛዛው ስክሪን፣ የደከመው ቻርጅ መሰኪያ ሁሉም እንዳለ ነው። የለወጠው መጠበቁን ነው፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያማረረኝ መጠበቁ ነበር፣ እናንተን የሚያማርራችሁ ሌላ ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

አሁን 1 ዓመት ከ7 ወር ሆነው። "ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል፣ የመፃፊያ ቁጥር አለው" ብለው ያስፈሩኝ ስለነበር እየተከታተልኩት ነው። እስካሁን የተፃፈበት 7 ቴራባይት ነው፣ ጤናው 99 ፐርሰንት ይላል። 300 ቴራ ነው የተፈቀደለት፣ በዚህ አካሄዴ ስሌቱ 68 ዓመት ይወጣዋል፣ እኔ ራሴ እዛ እደርሳለሁ ወይ ነው ጥያቄው። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን አንድ ላይ መሰብሰብ) ብቻ አታድርጉት፣ ለሃርድ ዲስክ ነው እሱ፣ ለኤስኤስዲ ከንቱ ልፋት ነው፣ ዊንዶውስ ከ7 ጀምሮ ትሪም የሚባለውን (የተሰረዘ ፋይል የነበረበትን ቦታ ማፅዳት) ያውቃል፣ ራሱ ያፀዳዋል። ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት ባዶ ቦታ ተዉለት፣ ጥግ ድረስ ከሞላ ይንቀራፈፋል። ደሞ 500 ገዝታችሁ 465 ቢያሳያችሁ ተታለልን ብላችሁ እንዳትጣሉ፣ ፋብሪካው በ1000 ነው የሚቆጥረው ዊንዶውስ በ1024፣ ሃርድ ዲስኩም እንደዛው ነበር።

ዊንዶውስ 10 በፈረንጆች ኦክቶበር 14፣ 2025 ድጋፉ ሲቆም ደግሞ 11ን መጫን አልቻልኩም፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች በይፋ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም አደረግኩበት። በሃርድ ዲስክ ቢሆን ሌላ ሲስተም ልሞክር ብዬ አላስብም ነበር፣ በኤስኤስዲ ግን ሙሉ ጭነቱ 9 ደቂቃ ነው የወሰደው፣ ባይመቸኝ ልመልሰው ብዬ ጀምሬ እስካሁን እዛው ነኝ። እህቴ ሁለት ቀን አጉረምርማ ለመደችው።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ሃርድ ዲስክ ሲሞት ይናገራል፣ ያንኳኳል፣ ይንቀራፈፋል፣ ቢጫ ይሆናል። ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ማታ ሰርቶ ጠዋት የለም። ትሪም ደሞ የሰረዛችሁትን ቶሎ ስለሚያፀዳው በስህተት የጠፋ ፋይል በሪከቨሪ ፕሮግራም መመለስ እንደ ድሮው አይታሰብም። ሦስቱን የልደት ቪዲዮ ካጣሁ በኋላ እሁድ እሁድ ውጫዊ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። እሱ ግን ሃርድ ዲስክ ነው፣ ለማስቀመጫ በጊጋ ሲሰላ አሁንም ይረክሳል፣ ኤስኤስዲ ደሞ ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ዳታው ሊለቅ ይችላል።

ከ10 ስንት ካላችሁኝ 9። አንዱን የቀነስኩት ኤስኤስዲው አጥፍቶ አይደለም፣ ያ ክርክርታ ከጠፋ ወዲህ የስክሪኑ ማጠፊያ ሲከፈት እንደ አሮጌ በር እንደሚጮህ ተሰማን። እህቴ "እሱንስ መች ነው የምትቀይረው?" ብላኛለች።